የአርባኛው ወታደር ጠመንጃ

«አርባ የታጠቁ ወታደሮች ቤት ውስጥ አሉ ብለሽ አልነበረም የደወልሽው?» አለ መቶ አለቃ ክፍሉ፣ ሽጉጡን እንደደገነ ደጃፉ ላይ ቆሞ።

«እወ፣ አሉ» አለች ኣኽበረት እንባዋን እየጠረገች። «ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ቤቱ ውስጥ ምን አለ ሲሉኝ ነው የተናገርኩት፤ ሳልጨርስ ስልኩን ዘጉብኝ!»

በጭነት መኪና የመጡት ሃያ ፖሊሶች የጥራቮሎ ሰፈርን መንገድ ዘግተው አጥር ሥር ተኝተዋል። ወሩ ኅዳር፣ ዓመቱ 1955 ነው። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ውህደቱ ከታወጀ ሳምንት አልሞላምና፣ ያን ሰሞን አስመራ ላይ «የታጠቀ» የሚል ወሬ ከአንድ መኪና ፖሊስ ባነሰ አይስተናገድም ነበር። ክፍሉ እንደ ጀግና የመዘዘውን ሽጉጥ እንደ ሌባ ቀስ አድርጎ መለሰው።

ወታደሮቹ ከቀለጠ እርሳስ የተሠሩ፣ ከጣት የማይረዝሙ ነበሩ። የሠራቸው የኣኽበረት አጎት፣ ኣቦይ ተወልደመድኅን፣ ከጠረጴዛው ሥር በግንባራቸው ወድቀዋል። ማጅራታቸው የተመታበት፣ እርሳሱ የሚፈስበት የብረት ቅርጽ ማውጫ አጠገባቸው ተጋድሟል።

ክፍሉ ፖሊስ ከመሆኑ በፊት ስምንት ዓመት የጠመንጃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበር። ሚስቱ «ሰውን እንኳ ቁመቱን ለክቶ ነው ሰላም የሚለው» ትለዋለች። ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰ። ወታደሮቹ አጭሩን የጣሊያን ጠመንጃ፣ ሞስኬቶ የሚሉትን፣ ይዘዋል። ከድንጋይ ጀርባ የተንበረከከው አንዱ ግን ከቁመቱ የሚረዝም አሮጌ ጠመንጃ አንግቷል። ክፍሉ ነካው፤ ሙጫው ጣቱ ላይ ተጣበቀ።

«ትናንት ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ?»

«እወ። ሥራውን ያዘዙት አቶ በለጠ ማታ አንድ በአንድ አይተው፣ ደስ ብሏቸው፣ አብረን ወጣን። እስከ ፌርማታው ሸኙኝ።»

«ሌላ ማን ይመጣ ነበር?»

«ኣያ መንግስትኣብ፣ የአጎቴ ጓደኛ። ከተጣሉ ግን ወር ሆናቸው።»

«በምን?»

«በጠመንጃ።» ክፍሉ ቀና ሲል «በነዚህ ነው እንጂ!» አለች ቶሎ ብላ።

የውህደቱ በዓል ኮሚቴ ሰው አቶ በለጠ ሰዓታቸውን እያዩ መጡ። ወታደሮቹ ያንኑ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለትርኢት ይቀርባሉ። በ1928 የጣሊያንን ጦር ከድተው ወደ ኢትዮጵያ አርበኞች የተሻገሩትና ከአንዱ በቀር በጦርነቱ ያለቁት አርባ ኤርትራውያን ናቸው።

«ጀግኖቻችን ያማረ መሣሪያ ይዘው ይታዩ አልን» አሉ ስለ ጠመንጃዎቹ ሲጠየቁ። «ምን ጥፋት አለው?»

«ይዘውት ነበር?»

«ሲመጡ ይዘው ነው የመጡት!»

«ሲሞቱስ?»

«ትርኢቱ ስለ መምጣታቸው ነው» አሉ አቶ በለጠ።

መንግስትኣብ ተጠርተው ከሓዝሓዝ ሰፈር በብስክሌት መጡና ጠረጴዛው የማይታይበት ደጅ ቆሙ። አልገባም አሉ። «እዚህ ቤት ከረገጥኩ ወር አልፎኛል።»

«ምን አጣላችሁ?»

«ከአርባዎቹ የተረፍኩት እኔ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ዘርዓይም ነበረበት። በማግስቱ የተቀበሉን ሰዎች ሞስኬቶአችንን ገፈፉን። ‹ጣሊያንን የከዳ እኛንም ይከዳል› ብለው። ከአያቶቻችን የሚያረጅ ጠመንጃ፣ አምስት አምስት ጥይት ሰጥተው ከፊት አሰለፉን። የዘርዓይ ጠመንጃ ሁለተኛዋ ጥይት ላይ ነክሶ አልተኩስ አለው። ድንጋዩን እንደተደገፈ ቀረ። ለተወልደ ይህን ሁሉ ነግሬዋለሁ።»

«ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ያሉት በሙሉ ስሕተት ናቸው?»

«ሠላሳ ዘጠኙ» አሉ መንግስትኣብ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው።

ክፍሉ ክንዳቸውን ይዞ አስገባቸው። ከዚያ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«አሮጌው ጠመንጃ የተተከለው ትናንት እነዚህ ሁለቱ ከወጡ በኋላ ነው፤ ሙጫው ገና አልደረቀም። አቶ በለጠ ቢያዩት ይነቅሉታል እንጂ አይተክሉትም። ኣኽበረት ተክላው ቢሆን ትናንት ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ ብላ አትነግረኝም ነበር። ሟቹ ራሳቸው ተጸጽተው ይሆን? እዚህ ቤት ያለው ቅርጽ ማውጫ የሞስኬቶ ብቻ ነው፤ ረጅሙ ከውጭ መጣ። እርስዎ አቶ መንግስትኣብ፣ ወር ሙሉ እዚህ ካልገቡ፣ አንዱ መታረሙን ማን ነገረዎት?»

መንግስትኣብ ወደ ተንበረከከው ወታደር አዩ።

«በኪሴ ይዤው መጣሁ። ሠላሳ ዘጠኙን እንዳሻህ፣ ለዘርዓይ ብቻ የራሱን ስጠው አልኩት። ‹ኮሚቴው አንድ ዓይነት ብሏል› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።»

«ገድለዋቸውም ቁጭ ብለው አጣበቁ?»

«ሳልተክለው ብሄድ ለምን ገደልኩት?»

ኣኽበረት ፊቷን ሸፈነች። ክፍሉ ወታደሩን ከነጠመንጃው አንስቶ በመሐረብ ጠቀለለው፤ ለፍርድ ቤት ማስረጃ ነውና ከእንግዲህ ማኅደር ቤት ነው ቦታው። መንግስትኣብ እጃቸውን ለካቴና ሲዘረጉ ዓይናቸው ከመሐረቡ አልተነቀለም።

አቶ በለጠ በጣታቸው የቀሩትን ቆጠሩና ደነገጡ።

«መቶ አለቃ፣ አርባ ብለን አስነግረናል እኮ! እንግዶቹ ‹አንዱ የት ገባ› ብለው ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?»

«እስከ ዛሬ የጠየቀ አለ?» አለ ክፍሉ።