በማለዳ የሞቀው ሞተር

ጉድለቱን በቀለም የሚሸፍን ነጋዴ ገዢውን ብቻ የሚያታልል ይመስለዋል። ማታለል ግን የእጅ ልማድ ከሆነ በኋላ ለባለቤቱ አይታዘዝም፤ ባልተፈለገበት ሰዓት ይሠራል፤ በመጨረሻም ባለቤቱን አሳልፎ ይሰጣል። በጃላንዳር ከተማ፣ አሮጌ ሞተርሳይክል በሚሸጥበት ሰፈር የሆነው ነገር ይህንን ያስረዳል።

ሽማግሌው መካኒክ ካርታር ሲንግ በጥር ወር ማለዳ፣ ጭጋጉ ሳይገፈፍ፣ በገዛ ጋራዣቸው ውስጥ በመዶሻ ተመትተው ሞተው ተገኙ። ሬሳቸው የተጋደመው ዕድሜዋ ከአርባ ዓመት ከሚበልጥ አንዲት ጥቁር ሞተርሳይክል ጀርባ ነበር። ያገኘቻቸው ጉርሊን የምትባል ወጣት አስተማሪ ናት፤ ሞተርሳይክሏን ልትገዛ በቀጠሮዋ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መጥታ ነበር።

ኢንስፔክተር ባልጂንደር ካውር ሲደርሱ፣ በዕድሜ የሚያንሳቸው አለቃቸው አዛዥ ሱድ ወረቀትና ብዕር ይዞ በልጅቷ ፊት ቆሟል።

«ፈርሚ። ከሬሳው ጋር ብቻሽን ተገኘሽ፤ እጅሽም ደም ነክቷል። ትናንት ማታ ከሟቹ ጋር ‹አትግዢ!›፣ ‹እገዛለሁ!› እየተባባላችሁ ስትጯጯኹ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።»

«ደሙ የነካኝ ራሳቸውን ቀና ላደርግ ስል ነው። አልፈርምም።»

«አሥር ሰዓት ላይ ዳኛ ፊት ትቀርቢያለሽ። ብታምኚ ቅጣቱ ይቀልልሻል።»

«ያላደረግሁትን አምኜ ከሚቀልልኝ፣ ሳላምን ይክበደኝ! ብዕሩን ከፊቴ ያንሱልኝ።»

ኢንስፔክተሯ በመካከል ገቡ። «ጌታዬ፣ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ጊዜው የእኔ ነው።»

«ጉዳዩ አልቋል፣ ወይዘሮ ባልጂንደር።»

«ለእርስዎ አልቆ ይሆናል። እኔ ገና አልጀመርሁም። ከፈለጉ በጽሑፍ ይክሰሱኝ።» ከዚያም ወደ ልጅቷ ዞሩ። «እንደገባሽ መጀመሪያ ምን አደረግሽ?»

«መዳፌን ሞተሩ ላይ አሳረፍሁ።»

«እንደምን አደሩ ሳትዪ?»

«አባባ ካርታር ናቸው ያስተማሩኝ። ‹አሮጌ ሞተርሳይክል ስትገዢ ቀለሙን አትዪ፣ ሻጩንም አትስሚ፤ አስቀድመሽ ሞተሩን ዳብሺ። ከሞቀ፣ ሻጩ ቀድሞሽ አስነስቶታል፤ በብርድ አልነሳም የሚል ሞተር ነው ማለት ነው። ቀጥሎ የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር አስተያዪ። የተነካካ ከመሰለሽ ጥለሽው ሂጂ› ይሉኝ ነበር። ትናንትም ‹አትግዢ፣ ምክንያቱን ነገ በብርሃን አሳይሻለሁ› አሉኝ፤ እኔም ልቤ ስለ ወደዳት ተቆጣሁ።»

«ታዲያ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር?»

«አቃጠለኝ!» አለችና መዳፏን ዘረጋች። በመሐሉ ቀይ ምልክት ወጥቷል።

ኢንስፔክተሯ ቀጥለው የጠየቁት የሟቹን የወንድም ልጅ ኒርቫይርን ነው። ቀኝ እግሩ እስከ ጭኑ በጀሶ ታስሮ በሁለት ክራንች ቆሟል።

«ከአጎትህ ጋር ትስማሙ ነበር?»

«አንስማማም። ጋራዡን ሽጠን ሱቅ እንክፈት ስላቸው፣ ‹ስሞት ትከፍታለህ› ይሉኝ ነበር። እንግዲህ ይጠርጥሩኝ። አልሸሽም፤ ብሸሽስ በዚህ እግር የት እደርሳለሁ?»

«ሞተሩን እርሳቸው አስነስተውት ይሆን?»

«አጎቴ? ገዢ ሳይመጣ? ይህን የሚያደርግ ሌባ ነው ይሉ ነበር! ደግሞም በየማለዳው ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ጸሎት ቤት ናቸው። ጋራዡን እንኳ ሳይቆልፉ ነው የሚሄዱት።»

የሞተርሳይክሏ ሻጭ ቻራንጂት ጢሙን በቅባት አሹሎ፣ ጥቁር የሱፍ ጓንት አጥልቆ መጣ።

«እኔ ከአልጋዬ የተነሳሁት ጩኸት ሰምቼ ነው፣ እትዬ። ሞተርሳይክሏን ለምርመራ እዚህ ካስረከብሁ ከትናንት ቀትር ወዲህ በዓይኔም አላየኋት።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ሞተርሳይክሏ ሄዱ። ተንበርክከው ሻንሲውን መረመሩ። ከመሪው በታች ቀለሙ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቋል፤ ከተቀረጸው ቁጥር ሥር በሞረድ የተፋቀ የሌላ ቁጥር ርዝራዥ ይታያል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም በጋራዡ ሰበሰቡ። አዛዥ ሱድ ሰዓቱን እያየ ቆመ። ኢንስፔክተሯም ዋጋ እንደሚያጣጥል ገዢ ሞተርሳይክሏን ይዞሯት ጀመር።

«ልጅቷ ልትገዛ የነበረው ይህንን ውራጅ ብረት ነው? እኔስ በነጻ ቢሰጡኝ አልወስደው።»

«እትዬ፣ የማያውቁትን አይናገሩ!» አለ ቻራንጂት። «እንደ እርሷ ያለ ሞተር በከተማው የለም።»

«አርጅታለች። በዚህ ብርድ ሰፈሩ ሁሉ ተራ ገብቶ ቢረግጣትም አትነሳም።»

«አትነሳም? ዛሬ በዚያ ሁሉ ጭጋግ በሁለተኛው ርግጫ ነው የተነሳችው!»

ቻራንጂት አፉን በጓንቱ ከደነ።

«እንግዲህ ስሙ» አሉ ኢንስፔክተሯ። «ይህ ሞተር መዳፍ እስኪያቃጥል ድረስ ቢያንስ ሩብ ሰዓት መሥራት አለበት። ጉርሊንን ያመጣት የሪክሾ ታክሲ ነጂ እንደ ነገረኝ፣ በሩ ላይ ያወረዳት ልክ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ሒሳቡን ተቀብሎ ሳይንቀሳቀስ ጩኸቷን ሰማ። ስለዚህ ያሞቀችው እርሷ አይደለችም። አባባ ካርታር ይህን ሥራ ይጸየፉት ነበር። ኒርቫይርም በታሰረ ቀኝ እግሩ በቀኝ በኩል ያለውን የማስነሻ መርገጫ ሊረግጥ አይችልም። የሚቀረው፣ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ሞተር ማሞቅ የዕለት ልማዱ የሆነ ሰው ነው። ቻራንጂት፣ አባባ ወደ ጸሎት ሲሄዱ ጠብቀህ ገባህ፤ የጸሎት ቤቱ ድምፅ ማጉያም የሞተሩን ጩኸት ሸፈነልህ። ሲመለሱ ያዙህ። ሞተርሳይክሏ የተሰረቀች መሆኗን ከቁጥሩ ደርሰውበት ነበርና ለልጅቷ እንደሚነግሯት ገለጡልህ። አንተም በመዶሻ መታሃቸው።»

«ተረት ነው! ማስረጃሽ የታለ?» ሲል ቻራንጂት ደነፋ፤ እትዬ ማለቱን ረስቷል።

«ጓንትህን አውልቅ።»

«አላወልቅም!»

ሁለት ፖሊሶች አወለቁት። ኢንስፔክተሯ የተነፈሰ ጎማ በሚፈተሽበት ሳፋ ንጹሕ ውሃ አስቀድተው ጓንቱን ነከሩት። ጥቁሩ ሱፍ ከዓይን ደብቆት የዋለው ደም ውሃውን ቀስ በቀስ አቀላው።

«በሕይወት ዘመኔ ሁሉ የሸጥሁት እንዲህ ነው» አለ ቻራንጂት። «ሁሉም ይገዛ ነበር፤ እርሳቸው ብቻ ዝም አልል አሉኝ።»

አዛዥ ሱድ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ጉርሊን ግን እጇን ዘረጋች።

«ወረቀቱን ይስጡኝ። የምቀድደው እኔ ነኝ።»

ሰጣት፤ በፊቱም ቀደደችው። በማግሥቱ ወደ ክፍሏ ተመልሳ አስተማረች።

ሞተርሳይክሏ ለተሰረቀባቸው ቤተሰብ ተመለሰች። ቻራንጂት በነፍስ ግድያና በስርቆት ንግድ ተከሶ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ ያቀረበውም ይግባኝ ውድቅ ሆነ።