የማንበቢያው አሟሟት

ሟቹ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ በነጭ ፎጣ ተሸፍኖ ተጋድሟል። ሰው አይደለም፤ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ነው። ባለቤቱ፣ የዚህ ቤት አባወራ፣ ከሁለት ወር በፊት ነው ያረፉት። ታመው ሳለ በየመጽሐፉ ኅዳግ የጻፉት ማስታወሻ ሁሉ እዚያው ውስጥ ነበር፤ ሌላ የትም የለም።

ገዳይዋ ተገኝታለች ተብሏል። ታናሽየዋ ልጅ ወለል ስትጠርግ ማንበቢያውን ከወንድሟ ኮምፒውተር ጋር ያገናኘውን ገመድ ነቀለችው፤ መሣሪያው በዚያው ድርቅ አለ። ይኸው ወር ሙሉ በኀፍረት ከቤተሰቡ ማዕድ አልቀረበችም።

እናት የጠሩት ጡረታ የወጡ የፖሊስ መርማሪ የሆኑትን እህታቸውን ነው። መርማሪዋ መነጽራቸውን ወልውለው ልጅቷን ጠየቁ፤ አልካደችም። ከዚያ ወደ ታላቅ ወንድሟ ዞሩ። እሱ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን እየጠገነ የሚኖር ባለሙያ ነው፤ ሱቁ ግድግዳ ላይ «ሳትቀዳ አትንካ» የሚል ወረቀት ለጥፏል።

«ገመዱ ሲነቀል ምን እየሠራህ ነበር?»

«ሶፍትዌሩን ከማደሴ በፊት ሙሉ ቅጂ እየወሰድኩ ነበር፣ አክስቴ። እሷ መሃል ላይ አቋረጠችብኝ።»

መርማሪዋ ሁሉንም ሰበሰቡ። የራሳቸውን ማንበቢያ ከቦርሳቸው አውጥተው ወንድምየውን «ቅዳልኝ» አሉት። ቅጂው ግማሽ ላይ ሲደርስ ገመዱን መንጭቀው ነቀሉት። እናትና ሴት ልጃቸው ክው አሉ። ማንበቢያው ግን መርማሪዋ ንባብ ያቆሙበትን ገጽ ከፈተ።

«አንተ ብቻ አልደነገጥክም፤ ታውቀዋለህና» አሉት። «መቅዳት ማንበብ ነው። መሣሪያ እየተነበበ ቢቋረጥ አይሞትም፤ የሚሞተው እየተጻፈበት ሲቋረጥ ነው። ስለዚህ ያን ጊዜ አዲሱን ሶፍትዌር እየጫንክበት ነበር። ቀድመህ ቀድተህ ቢሆን ያንኑ መልሰህ ትጭነው ነበር፤ ማስታወሻውም አይጠፋም ነበር። ቅጂው የታለ?»

ልጁ አንገቱን ደፋ። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«የለም» አለ። «ለደንበኛ ሁሌም እቀዳለሁ። የራሳችን ነው ብዬ ቸኮልኩ። አፈርኩ። እሷ እኔ ነኝ ብላ ስታለቅስ ደግሞ ዝም ማለት ቀለለኝ።»

እናት ፎጣውን ገልጠው ቀስ ብለው አጣጠፉት።

«የአባትህ ጽሑፍ በስህተት ጠፋ፤ እሱስ ይሁን» አሉ። «እህትህን ግን ወር ሙሉ እያወቅህ ነው ያስለቀስካት።»

ቀና ብሎ እህቱን ለማየት ሞከረ። አልቻለም።