ጉሮሮው ላይ

አጃቢው ትርሲትን ገትሮ ካቆማት ሃያ ስድስት ሰዓት አልፏል። ያናደዳት ግን መቆሙ አልነበረም፤ ትህትናው ነው።

«ትንሽ ይታገሡ፣ እመቤት» ይላታል በየሩብ ሰዓቱ፣ የሰርግ አስተናጋጅ በሚመስል ለስላሳ ድምፅ። «አሁን እናልፋለን።»

አጃቢ የሚባለው ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚለበስ የጉዞ ልብስ ነው። ጓዝ ይሸከማል፣ ገላ ያቀዘቅዛል፣ ላብ አጣርቶ መልሶ ያጠጣል፣ ባለቤቱ ሲደክም ራሱ ይራመዳል። አፋር በረሃ ውስጥ፣ ፀሐዩ ሃምሳ አራት ዲግሪ በሚደርስበት በጉራሌ ሸለቆ፣ ያለ አጃቢ የሚገባ የለም። ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ትልቅ ሥራ አለበት፤ የለበሰው ሰው ሌላ ሰው እንዳያይ፣ ጆሮ ላይ በሚሰካ ድምፅ ማጥፊያም ድምፁን እንዳይሰማ ማድረግ።

ትርሲት ሦስት ዓመት ጠብቃ የብቸኝነት ፈቃድ ያወጣችው ለዚሁ ነው። አሳንሰሩ የትናንቱን ጉንፋን በሚጠይቅበት፣ ግድግዳው በስም ጠርቶ ሳሙና በሚያስተዋውቅበት ከተማ አርባ ስድስት ዓመት ከኖረች በኋላ፣ ማንም «እንዴት ነሽ» የማይላት ዘጠኝ ቀን አማራት።

አምስቱ ቀን እንደተመኘችው ሆነ። የራሷን ኮቴ ብቻ ሰማች። ገደሉ በግራና በቀኝ ንብርብር በንብርብር ይወጣል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ እንደገና ቀይ። በአራተኛው ቀን አንድ ቁራ አየች፤ እሱም በዛባት።

በስድስተኛው ቀን ጉሮሮው ጋ ደረሰች። ጉሮሮው ሸለቆው መሃል ላይ ጠቦ ጠቦ አንድ ሰው ብቻ የሚያሾልክ ስንጥቅ የሚሆንበት ቦታ ነው። ርዝመቱ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ግን ስለሚጠማዘዝ ወዲያኛው ጫፍ አይታይም። ከዚያ በኋላ መውጫው የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ይቀረዋል። የስንጥቁ አፍ ላይ ስትደርስ አጃቢው ጉልበቷ ላይ ቆለፈ። ስትለምነው መቀመጫ ሠርቶ አስቀመጣት፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ስንዝር አልሄደም።

ሰማዩ ከላይ ክር አክሏል። ጭኗ ደንዝዟል። ጀርባዋን አሁንም አሁንም ያሳክካታል፤ የልብሱ ክንድ ወደ ኋላ ስለማይታጠፍ ልታከው አልቻለችም። የቀራት ውሃ ሦስት ሊትር፣ ቢበዛ እስከ ነገ ማታ ነው። ፈላጊ የሚመጣው ዘጠነኛው ቀን ካለፈ በኋላ ነው።

«ለመሆኑ ምን እስኪሆን ነው የምንጠብቀው?» አለች።

«ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው፣ እመቤት።»

ትርሲት ቀና አለች። ክፍለ ከተማ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቅሬታ ሰሚ ሆና ሠርታለች። «በመታየት ላይ ነው» ማለት ማንም አያየውም ማለት መሆኑን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በቀን አርባ ጊዜ የምትለው እሷ ናት።

«የሚያየው ማነው?»

«እኔና ባልደረባዬ።»

«ባልደረባህን የለበሰው ማነው?»

«ስም መናገር አልተፈቀደልኝም። ታላቅዎ ናቸው፤ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ከምዕራብ መጥተው ከጉሮሮው ወዲያ ማዶ ተቀምጠዋል። አንዳችሁ እስክታልፉ ሌላችሁ ገለል ማለት አለባችሁ።»

«ታዲያ ለምን አያልፉም?»

«እኛ ይለፉ ብለናቸዋል።»

«እሳቸውስ?»

«ባልደረባዬ እርስዎ ይቅደሙ ይላል። መጀመሪያ የደረሱት እርስዎ ነዎት።»

«እሺ፣ እንቅደማ!»

«ታላቅ ሰው ቆመው፣ እመቤት?»

ትርሲት ዓይኗን ጨፈነች። «እስካሁን ስንቴ ተባባላችሁ?»

«አርባ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሁለት ጊዜ» አለ አጃቢው። «አሁን ሦስት።»

አጃቢውን የሠሩት ልጆች ክፉ አስበው አልነበረም። ጠባብ ቦታ ላይ ሰው ከሰው እንዴት እንደሚተላለፍ ለማስተማር፣ በየቤቱ ደጃፍ፣ በየለቅሶ ድንኳኑ፣ በየሰርግ አዳራሹ በር ላይ «ግቡ»፣ «አይሆንም፣ እርስዎ ይግቡ» የሚባባሉ ሰዎችን በሺህ የሚቆጠር ቅጂ አሳዩት። አጃቢው ጎበዝ ተማሪ ነበር። ያልታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከቅጂው ማለቂያ ላይ አንዱ አንዱን በትከሻው ገፍቶ ያስገባዋል። አጃቢ ደግሞ ሌላ አጃቢ አጠገብ አይደርስም።

«በቃ ተመለስ፤ በመጣንበት እንውጣ።»

«ለታላቅ ጀርባ ሰጥቶ መሄድ ነውር ነው።»

«እንግዲያው ነፍስ አድን ጥራልኝ!»

«አደጋ እኮ የለም፣ እመቤት። ያለው መከባበር ነው።»

ጮኸች። «ኧረ ጋሼ! ይለፉ በፈጠረዎት!» ብላ ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ ድረስ ጮኸች። ድምፁን አጃቢው ዋጠው፤ ከአፏ አልራቀም። ለዝምታው የከፈለችው ራሷ ናት።

ደረቷ ላይ ሦስት መቆለፊያ አለ። በስልጠናው ቀን አሰልጣኙ፣ «ልብሱ ባዶውን ሃያ ደቂቃ ከቆየ የነፍስ አድን በራሪ ይነሳል። የሚደርሰው በሦስት ሰዓት ነው። ሰው ያለ ልብስ ፀሐይ ላይ የሚቆየው አንድ ሰዓት ነው። የቀረውን እናንተ አስቡት» ብሎ ስቆ ነበር። ሰልጣኞቹም ስቀው ነበር። ትርሲት መቆለፊያውን ዳሰሰችና እጇን መለሰች።

«መልእክት አድርስልኝ» አለችው።

«ሰላምታ ብቻ ነው የሚፈቀደው።»

«እንግዲያው እንዴት ዋሉ በላቸው።»

በአራት ሰከንድ መልስ መጣ። «እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ እንዴት ዋሉ?»

«ጤናው፣ ልጆቹ፣ ቤቱ፣ ውሃው፣ ሁሉም ደህና ነው ወይ በላቸው።»

አጃቢው ተጠራጠረ። «ውሃ ሰላምታ ውስጥ ይገባል?»

«በረሃ ላይ ይገባል» አለች፣ ሳትስቅ።

ይሄኛው ሁለት ደቂቃ ፈጀ። «ልጆቹ ደህና ናቸው። ቤቱም ደህና ነው። የእርስዎስ?»

ውሃው ተዘሏል።

«ድካሙስ እንዴት ይዞዎታል በላቸው።»

አሥራ አንድ ደቂቃ ጠበቀች። የገደሉ ጥላ አንድ ጠጠር ያህል ተንቀሳቀሰ።

«ምንም አልል፣ ይመስገን» ሲል አነበበላት አጃቢው። «እርስዎን ግን አስቸገርኩ።»

ትርሲት ይህን መልስ ታውቀዋለች። በሥራዋ ጮሆ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ጮሆ ይወጣል፤ የሚያሰጋው እሱ አይደለም። «ምንም አልል፣ አስቸገርኳችሁ» እያለ የሚገባው ነው የጨነቀው።

«ባልደረባህ ጤናቸውን አያይም እንዴ?»

«ጠይቋቸዋል፤ አራት ጊዜ። ደህና ነኝ ብለዋል።»

«አመናቸው?»

«ታላቅ ሰው ይዋሻሉ እንዴ፣ እመቤት?»

መጀመሪያውን መቆለፊያ ከፈተች። ሁለተኛውን ስትከፍት አጃቢው ስለ ሙቀቱ አስጠነቀቃት። ሦስተኛውን ስትከፍት ሙቀቱ በጥፊ አላት። የውሃውን ከረጢት ከልብሱ ጀርባ ነቅላ ታቀፈችና በሸሚዟ ወደ ስንጥቁ ገባች።

«እመቤት!» አለ አጃቢው ከኋላዋ። «ሳይጠሩዎት? ሌላው ቢቀር አስቀድመን እናስታውቅ!»

ጉሮሮው ውስጥ ትከሻዋ ሁለቱንም ግድግዳ ይነካል። ጥላ ነበር፤ ያን ያህልም አልፈጃት። እግሯ ግን ሃያ ስድስት ሰዓት ተቀምጦ የራሷ አልመስል አላት። ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ ሁለቱንም ጊዜ ከረጢቱን ከመሬት ከፍ አድርጋ ይዛ ወደቀች።

ወዲያ ማዶ አንድ ሽበታም ሰው ፀሐይ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ጉርድ ፎቶ የሚነሱ ይመስላሉ። እንዲያ ያስቀመጣቸው ልብሱ ነው። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። የልብሱ ማጣሪያ ተሰብሮ ውሃው ካለቀ ቆይቷል፤ ያለ ውሃ ማቀዝቀዣውም አይሠራም። ትርሲት ከጆሯቸው ላይ ድምፅ ማጥፊያውን ነቀለች።

«ጋሼ!»

ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «አጎናፍር እባላለሁ» አሉ። «ምነው ልጄ፣ ለምን ተቸገርሽ?»

«ውሃዎ አልቋል?»

«ኧረ አለ።» ቱቦውን ሳበችው፤ ደረቅ ነው። የከረጢቱን አፍ ወደ አፋቸው ስታስጠጋ እጃቸውን አነሱ። «አንቺ ቅመሺ መጀመሪያ። መንገደኛ ነሽ።»

«እርስዎ ይጠጡ።»

«አይሆንም።»

«በሞቴ!»

«በእኔ ሞት፣ ባይሆን አንድ ጉንጭ ቅመሺና…»

ትርሲት ጆሮዋን ማመን አቃታት። ሰውየው እየሞቱ ነው፤ እሷም ፀሐይ ላይ በሸሚዝ ቆማ እየመለሰችላቸው ነው። ዕድሜ ልኳን ለታላቅ ያልተናገረችው ነገር ከአፏ ወጣ።

«አፍህን ክፈት!» አለች፣ አገጫቸውን ይዛ። «አስቸገርኩ አላልክም? አሁን ነው የምታስቸግረኝ! ዝም ብለህ ጠጣ!»

አቶ አጎናፍር ዓይናቸውን ገልጠው አዩዋት። ከዚያ ጠጡ። ትን አላቸው፤ እንደገና ጠጡ። መቆለፊያቸውን ፈትታ፣ በብብታቸው ይዛ፣ «ይለፉ» እያለ ከሚለምነው ልብስ ውስጥ ጎትታ አወጣቻቸውና ወደ ጉሮሮው ጥላ አስገባቻቸው።

የነፍስ አድኑ በራሪ እስኪደርስ ሦስቱን ሰዓት እዚያው ቆዩ፤ ጀርባቸውን በአንዱ ግድግዳ፣ እግራቸውን በሌላው አድርገው፣ በተራ ሸሚዛቸውን እያራሱ።

«ሠላሳ ዓመት የእድር ዳኛ ነበርኩ» አሉ አቶ አጎናፍር ነፍስ ሲዘሩ። «ቀብር ላይ ተናገር፤ ሽምግልና ላይ ተናገር። ዝም የሚባልበት ቦታ አማረኝ።»

«አገኙት?»

«አንቺ መጣሽበት እንጂ።» ቆይተው ደግሞ፣ «እንዲህ ያመናጨቀኝ ከእናቴ ወዲህ አንቺ ነሽ» አሉ። የተቀየሙ አይመስሉም ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አጃቢዎቹን ከሠሩት አንዱ፣ ቢፍቱ የሚባል መሐንዲስ፣ ትርሲትን ፍለጋ ክፍለ ከተማ መጣ። መስኮቷ ፊት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል።

«አጃቢውን መርምረነዋል» አለ። «ብልሽት የለበትም፤ ችግሩ እሱ ነው። እንዳስተማርነው ነው የሠራው። አሁን አንድ ነገር ልናስተምረው እንፈልጋለን፤ መቼ ማመን እንደሌለበት። ሰውየው ደህና ነኝ ሲሉ እርስዎ አላመኑም። ምን ምልክት አዩ?»

«መልሱ ዘገየ።»

«ዕድሜያቸው ነው፤ ሁልጊዜም ይዘገያሉ። እሱን አይተነዋል።»

«አስቸገርኩ አሉ።»

«እሱንም ሁሉም ይለዋል።» ቢፍቱ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ግን እርስዎ ይሄን ቃል እዚህ በየቀኑ አይሰሙም? እዚያ ምን የተለየ ነገር ነበር?»

ትርሲት ከኋላው ወዳለው አግዳሚ ተመለከተች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምልክቱን ስታየው ኖራለች፤ አይታም «ሌላ ቀን ይመለሱ» ብላ ሸኝታለች።

«ምንም የተለየ ነገር አልነበረም» አለች በመጨረሻ። «ከሽማግሌው ኋላ ሌላ ባለጉዳይ አልቆመም ነበር፤ ያ ብቻ ነው።»

ቢፍቱ ይህን በምን ቁጥር እንደሚጽፈው ቸግሮት ዞር አለ። አግዳሚው ላይ አሥራ አንድ ሰዎች ፋይላቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ዓይኑ ሲያርፍባቸው ሁሉም ፈገግ አሉ።

«ችግር የለም፣ እናንተ ጨርሱ» አሉት። «እኛ ደህና ነን።»