ስድስት ወር ይቆያል የተባለው ከንፈር

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ሌሊት ነበር፣ ውሻ ያላዝን ነበር ብዬ ላስፈራራችሁ እችላለሁ። አልልም። የሆነው እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት ነው። ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር፣ ሰው በተሰበሰበበት ሳሎን ውስጥ።

እዚያ የነበሩ ሰዎች ዛሬም ስለዚያ ቀን ሲጠየቁ ወሬ ይቀይራሉ። ማን ነገረህ አትበሉኝ። ማመን የማይፈልግ እዚህ ላይ ይውረድ።

ብፅዓት ትባላለች። አያቶቿ ከጎጃም መጥተው ነቀምቴ የቀሩ ናቸው። የሙሽራ ልብስ የሚያከራይ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ ለሰው ሙሽራ ቬሎ እያለበሰች፣ መስታወቱ ውስጥ የምታየው ግን የራሷን ከንፈር ነበር።

ቀጭን ነው። "የተሰፋ ኪስ ነው የሚመስለው" ትላለች።

ኢዶሳ ሲያጫት ደግሞ ባሰባት። ሰርግ ማለት ቪዲዮ ነው፤ ቪዲዮ ማለት ደግሞ ዕድሜ ልክ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ጨለለቂ ሰፈር ሄዳ፣ አዲስ አበባ ተምራ ከመጣችውና ከንፈር በመርፌ ከምትሞላው ከኬኔ የውበት ሳሎን ገባች።

"ያማል?"

"ለማማር ያማል። ዝም በይ።"

መርፌው ገባ... ወጣ... ገባ።

"ስንት ጊዜ ይቆያል?"

"ስድስት ወር። ከሰው ሰው ይለያያል። ከንፈር እንደ ጉንጭ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይበላል፣ ያወራል፣ ይስማል። ቶሎ ይሟሟል። አንቺ ደግሞ ወሬ ስለምትወጂ አምስት በይው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ካልሞላሽው ይጎድላል።"

ሁለቱም ሳቁ። ኬኔ ስልኳን አውጥታ ለገጿ ቪዲዮ ቀረጸች።

"የኢዶሳ እናት ካዩት አለቀልኝ!"

"ማሎ፣ እባክሽ ብፅዓት! የቀረጽሁት ከአፍንጫሽ በታች ብቻ ነው። እናትሽም አያውቁሽም።"

የኢዶሳ እናት አዴ ቀነኒ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሲያዩዋቸው ለስላሳ ናቸው፤ ውሸት ሲሰሙ ግን ፊታቸው ድንጋይ ይሆናል። መሐላም አይወዱም። "እውነት የሚናገር ሰው መሐላ ምን ያደርግለታል?" ይላሉ። በሃይማኖታቸውም አይማልም።

ብፅዓት ግን የመሐላ ቤት ልጅ ናት። እነሱ ቤት ወጥ ጨው በዛው አልበዛውም እንኳ "እገሌ ይሙት!" ሳይባል አያልቅም። ደንቡን ታውቁታላችሁ። የሚማለው በሚወዱት ሰው ነው። በማይወዱት ሰው መማል መሐላ አይደለም፤ ምኞት ነው።

ክረምቱ እንዳማረባት አለፈ። ኅዳር ላይ ከንፈሯ መሟሸሽ ጀመረ። ሲያልቅ አያምር ይባል የለ? ዳር ዳሩ ተጨማደደ፣ መሐሉ ጎደጎደ።

ወደ ኬኔ ሮጠች።

"ዕቃው የለም። የአዲስ አበባ መንገድ ተዘግቷል፤ ምንም አልገባም" አለቻት።

በዚያው ሰሞን አጎቷ፣ የእናቷ ወንድም ጋሽ ተክለጻድቅ፣ ሊጠይቋቸው መጡ። አባቷ ሲሞት ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አዩዋትና ሳቁ።

"አንቺ ልጅ፣ ያ ሁሉ ከንፈር የት ሄደ? ተሞልተሽው ነበር አይደል?"

እናቷ እማማ የሺወርቅ ከተቀመጡበት ቀና አሉ።

"ጋሼ ይሙት፣ መርፌ ነክቶኝ አያውቅም!" አለች ብፅዓት።

"ግደዪኝ እንጂ!" ብለው ተንከተከቱ ጋሽ ተክለጻድቅ።

ያን ጊዜ ከንፈሯ ሞቃት። ትንሽ ብቻ... ትኩስ ሻይ እንደነካው።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ፣ አጎቷ የጠቀለሉትን ጉርሻ ወደ አፋቸው እያስጠጉ ተደፉ። ከዚያ አልተነሱም።

የገነዛቸው ሰው ወደ እማማ የሺወርቅ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ።

"አፋቸው አልገጥም አለን እኮ... ከንፈራቸው..."

"ከንፈሩ ምን?"

"ተዪው። ይቅር።"

ድንኳን ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች ደግሞ የሚያዩት ሌላ ነበር። "ሐዘን እንዲህ ያማረበት ሰው አላየሁም" አለች አንዷ። ብፅዓት ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ አፏን ነካችው።

ሞልቷል።

የሰውነት ነገር ነው ብላ አለፈችው። ሰው ሲያለቅስ ያብጥ የለ?

በአርባው ቀን አዴ ቀነኒ ሊያጽናኑ መጡ። አጠገቧ ተቀምጠው እጇን ይዘው ቆዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት።

"ኢንተለ ኮ... ልጄ፣ ባለፈው ከንፈርሽ ቀጥኖ አልነበረም?"

"አይ... ብርድ ነው።"

"ሰው መርፌ ነው ይላል። ብትነግሪኝ አልቆጣም።"

ብፅዓት ደነገጠች። አጠገባቸው ያሉት ሴቶች ጆሯቸውን አቁመዋል።

"ራጉኤል ይሙት፣ አልተወጋሁም!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ራጉኤል ያላት አንድ ወንድም ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነው።

"መሐላ መች ጠየቅሁሽ?" አሉ አዴ ቀነኒ ቅር ብሏቸው።

ብፅዓት አልሰማቻቸውም። ከንፈሯ ሞቆ ነበር።

ራጉኤልን በማግስቱ አገኙት። መኪናው አልተገለበጠም፣ አልተጋጨም። ከጊምቢ መለስ ብሎ መንገድ ዳር በሥርዓት ቆሟል፤ ሞተሩም ጠፍቷል። እሱ መሪው ላይ ተደፍቷል። አስከሬኑን ያመጡት ጓደኞቹ እናቱን ፊቱን እንዳያዩ ለመኗቸው።

"ለምን? ልጄን ለምን አላይም?"

ጓደኞቹ ጨርቁን ከፍ አድርገው ፊቱን ሸፈኑት።

ብፅዓት ነገሩ የገባት ሥራ በተመለሰችበት ቀን ነው። ሱቁ ውስጥ፣ በቬሎዎቹ መሐል፣ ትልቁ መስታወት ፊት ቆማ ነበር። ከንፈሯ ኬኔ ከሞላችው ቀን ይበልጥ ሞልቷል። ቀልቷል።

ጋሼ ይሙት አለች... ሞተ።

ራጉኤል ይሙት አለች... ሞተ።

መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ወንድሟን እየጠራች አለቀሰች። እውነተኛ ልቅሶ ነው፤ በዚህ አላማትም። ግን ተነስታ ፊቷን ስትጠርግ ደግሞ መስታወቱን አየች... ትንሽ ቆየችም። አምሮባት ነበር።

ከዚያ ወደ ኬኔ ሄደች። ኬኔ ገና ስታያት ፊቷ ተለወጠ።

"ይህ የእኔ ሥራ አይደለም። የእኔ ድሮ አልቋል። የት ተሞላሽ?"

"የትም።"

ኬኔ በጣቷ ነካ አደረገችውና እጇን ሰበሰበች።

"ይሞቃል..." አለች። እንደገና ነካችው። "ብፅዓት... ይመታል እኮ። እንደ ልብ ይመታል።"

"አሟሚልኝ። የሚያሟሟ መርፌ አለ ብለሽኝ አልነበር?"

"ያሟሟኋቸው ሰዎች አሉ። ይህን ግን አልነካም። መጀመሪያ ማን እንደሠራልሽ ንገሪኝ። ማንም ካልሆነ ማዪልኝ!"

"አልምልም!"

ፀጉር የሚሠሩት ሴቶች ሁሉ ዞሩ። ብፅዓት በሩን በርግዳ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ መማል ተወች። ወሬም ቀነሰች። ሱቅ ውስጥ ዋጋ ሲጠይቋት በእጇ ነው የምታሳየው። ሰው ሐዘን ነው አለ። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተወሰነ።

ፋሲካ አልፎ ከንፈሯ እንደገና መጉደል ጀመረ። ደስ አላት። ማታ ማታ ደግሞ ስልኳ ላይ ከንፈሯ የሞላበትን ፎቶ እያየች ይቆጫታል። ሰርጉ ቀርቧል።

እንግዲህ ያቺ እሁድ መጣች።

አዴ ቀነኒ ከኢዶሳና ከሽማግሌያቸው ከኦቦ ሞረዳ ጋር ሆነው ሳይነግሩ እነብፅዓት ቤት መጡ። ምሳ ቀረበላቸው፤ አልበሉም። አዴ ቀነኒ ስልካቸውን ከፍተው ለብፅዓት ዘረጉላት።

የኬኔ ቪዲዮ ነው። ከአፍንጫ በታች፣ አንድ አፍ ብቻ። መርፌው ይገባል... ይወጣል... ይገባል።

"ይህ አንቺ ነሽ?"

ብፅዓት ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

"ስሚኝ ልጄ። ከንፈር ምንም አይደለም፤ ይሞላል ይጎድላል። አንቺ ግን በወንድምሽ ስም ነው የነገርሽኝ። ያ ውሸት ከነበረ ቤቴ የሚገባው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። ውሸት ከሆነ ሰርጉ የለም።"

ኢዶሳ መሬት መሬቱን ያያል።

እማማ የሺወርቅ ከጥቁር ልብሳቸው ጋር ብድግ አሉ።

"የእኔ ልጅ በሞተ ወንድሟ ትዋሻለች? በወንድሟ? ብፅዓት! ማዪላቸው! በእኔ ማዪላቸው! የሺወርቅ ትሙት በያቸው!"

"እማዬ... ተይ..."

"ምን ተይ ትይኛለሽ? ማዪ! በሰው ፊት አታዋርጂኝ!"

ብፅዓት አሰበች። እውነቱን ብትናገር ኢዶሳ ተነስቶ ይሄዳል። ያ ብቻ ቢሆን ደግ። እናቷ የገዛ ወንድሟንና ልጇን ምን እንደበላቸው ታውቃለች። በእናቷ ብትምል ደግሞ... ነገ ምሳ ሰዓት ላይ እናት የላትም።

ሁሉም አፏን ያያል።

ያን ጊዜ ዓይኗ አዴ ቀነኒ ላይ አረፈ። ሽበታቸው ላይ፣ የተሰነጣጠቀው ደረቅ ከንፈራቸው ላይ። ውስጧ ቀዝቀዝ አለ። እፎይታ ይመስላል።

ከመቀመጫዋ ተነሳች። ነጠላዋን አስተካክላ በሁለት እጇ የአሮጊቷን እጅ ያዘች።

"አዴ ቀነኒ ይሙቱ..." አለች ለስለስ ባለ ድምፅ፣ "ከንፈሬን መርፌ ነክቶት አያውቅም።"



መጀመሪያ የተነፈሱት ኦቦ ሞረዳ ናቸው።

"በአማቷ ማለች! ሰማችሁ? እንደ ወለደቻት እናት ቆጥራት በእሷ ማለች!"

ኢዶሳ ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ጠረገ። እማማ የሺወርቅ እልል አሉ። የድንጋዩ ፊት ተሰበረ፤ አዴ ቀነኒ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። የብፅዓትን ራስ ስበው ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ ከንፈሯን ሳሙ።

ከንፈሯ ሞቀ። ሲሞላ ተሰማት።

ነገ ምሳ ሰዓት ላይ... አለች በልቧ። ሰርጉ ይገፋል፤ ይገፋ። ከንፈሩ ለቪዲዮው እስከዚያ ይቆያል።

አዎ፣ ይህን አሰበች። በእቅፋቸው ውስጥ ሆና።

አዴ ቀነኒ ግን አልለቀቋትም። ፊቷን በሁለት መዳፋቸው ያዙ።

"እኔ በሕይወቴ ምዬ አላውቅም" አሉ እንባቸው እየወረደ። "ዛሬ ግን ጌታ ይቅር ይበለኝ..."

ብፅዓት በድንገት ዓይኗን ከፈተች።

"አዴ... አይማሉ..."

"እናቴ ብለሽ ምለሽብኝ የለ? እኔስ ልጄ አልልም?"

"አይ... አዴ፣ በፈጠረዎት... አይበሉ..."

"ብፅዓት ትሙት፣ አንድም ቀን ተጠራጥሬሽ አላውቅም!"

እልልታው ቀለጠ። በጥርጣሬ ይዘውት የመጡት ስልክ ጭናቸው ላይ እንደተከፈተ ነው፤ ቪዲዮው ከመጀመሪያው ጀምሯል። መርፌው ይገባል... ይወጣል...

ብፅዓት ለመጮኽ አፏን ከፈተች። ከንፈሯ አልታዘዛትም። ቀዝቅዟል።

አዴ ቀነኒ እንባቸውን ጠርገው ፈገግ አሉላት። ከዚያ ግር እንዳላቸው ሁሉ ጣታቸውን ወደ አፋቸው ሰደዱ። ነካ አደረጉት። ደግመው ነካ አደረጉት።

የሰባ ዓመቷ ሴት ደረቅ ከንፈር... ስንጥቁ ተደፈነ... ቀላ... ከዚያ ሁሉም እያያቸው፣ ቀስ እያለ መሙላት ጀመረ።