ፊት ለፊት የሰቀልኳቸው ሁለት ሥዕሎች

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ እንድታከብሩኝ ሳይሆን፣ ጂኒ ታየ፣ ቤቱ ሰው አለበት፣ ምናምን ሲባል ከሁሉ ቀድማ የምትስቀው ሴት እኔ እንደነበርኩ እንድታውቁልኝ ነው፣ እናቴ እንኳ ነፍሷን ይማርና "አንቺ ልጅ፣ ይህ አፍሽ አንድ ቀን ያስበላሻል" ትለኝ ነበር። እስካሁን እኔን አላስበላኝም፣ ያስበላው ወንድሜን ነው።

ወንድሜ ይመር ይባላል፣ ታናሼ ነው። አባታችን በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ እዚሁ አሶሳ ወለደን፣ ከሁለታችን በቀር የቀረ የለም። ይመር ለግድቡ ሲሚንቶ የሚያመላልስ ከባድ መኪና ይነዳ ነበር፣ አንድ ቀን ማንቡክ ከተማን አለፍ እንዳለ፣ ጎማ ሊያይ ከመኪናው ወርዶ ሳለ፣ ከኋላው ከጫካ ተተኮሰበት። ማን እንደተኮሰ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ጥይቱ በቀኝ ትከሻው ጀርባ ገብቶ እዚያው ቀረ፣ ሐኪሞቹም ማውጣቱ ክንዱን ሽባ ያደርገዋል ብለው ከነጥይቱ ሰፍተው ላኩልኝ።

እኔ ቤት ተቀመጠ። መቀመጥ ስላችሁ መቀመጥ ነው፣ ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ካለው ፍራሽ ላይ ቁጭ ብሎ ባዶ ግድግዳ ላይ ያፈጣል፣ አይተኛም፣ አይበላም፣ በር ሲንኳኳ ይወድቃል። አንድ ጠዋት "እታለም፣ ግድግዳው እኮ እያየኝ ነው" አለኝ። ያን ቀን ትምህርት ቤት ሄጄ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ምክንያቱም ከጥይት የተረፈ ልጅ አእምሮውን ሊስትብኝ ነው፣ እኔ ደግሞ ከእሱ ሌላ ማንም የለኝም።

ግድግዳው ነው ችግሩ፣ አልኩ። ስልኬ ላይ ቤት ስለማሳመር የሚያሳዩ ሴቶች አሉ፣ የድሮ ሥዕል ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ እየገዙ ሲሰቅሉት ጎጆው ቤተ መንግሥት ይሆናል። እኛ ዘንድ ደግሞ ሐጂ ሙሳ አሉ፣ የተዛወረ ሠራተኛ የሸጠው፣ ካምፕ ሲፈርስ የወጣው፣ ከሱዳን የገባው አሮጌ ዕቃ ሁሉ እሳቸው ጋ ነው የሚከማቸው። የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፣ አማርኛ በኋላ የለመዱት ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ይላሉ፣ እኔም ለምጄዋለሁ።

አንድ የፍራፍሬ ሥዕልና አንድ በረዶ የለበሰ ተራራ መረጥኩ። ከዚያ ከአልጋ ጀርባ በግንባራቸው የተደፉ ሁለት ትልልቅ ሥዕሎች አየሁ፣ ጥቁር ከባድ የእንጨት ክፈፍ፣ ወፍራም መስታወት፣ ወረቀታቸው እንደ ሻይ የቀላ። አንደኛው ላይ አዳኝ አለ፣ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጠመንጃውን ቀጥ አድርጎ የሚያነጣጥረው በሚያየው ሰው ላይ ነው። ሁለተኛው ላይ አጋዘን አንገቱን ቀና አድርጎ ቆሟል። እንዴት እንዳማሩኝ! የመረጥኳቸውን ትቼ እነዚህን አልኩ።

"እነዚህ ከየት መጡ፣ ሐጂ?"

"በኩርሙክ ድንበር የገባ ሰውዬ ነው፣ ከሱዳን ጦርነት የሸሸ። ልጆቹ ልብስ ይሸከማል፣ እሱ ሥዕል ይሸከማል።"

"ሰው ሲሸሽ ሥዕል ይሸከማል እንዴ?"

"እኔም ጠየቀ። 'ትቼው ብመጣ ሰው ሳያውቅ ይሰቅላል' አለ።" ሥዕሎቹን በጆንያ ጠቀለሉልኝና እጃቸውን ሳያነሱ ቆዩ። "ስማ፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ። ጎን ለጎን ስቀል። ፊት ለፊት አታድርግ። ወላሂ፣ ይሄ ሁለቱ እንዳይተያይ።"

እሺ ሐጂ ብዬ እስከ ቤቴ እየሳቅኩ ሄድኩ።

አሶሳ ቤት ተከራይቶ የሚያውቅ ይህን ያውቃል፣ ግድግዳችን ቀርከሃና ጭቃ ነው፣ ቀርከሃ ላይ ሚስማር ብትመቱ ይሰነጠቃል፣ ጭቃው ይረግፋል። በጣታችሁ እያንኳኳችሁ የእንጨቱን ቋሚ መፈለግ አለባችሁ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ጎን ለጎን ሞክሬያለሁ፣ ሚስማሩ ክብደቱን አልችል ብሎ ግማሽ ግድግዳ ይዞብኝ ወረደ። ክፍሏ ውስጥ ጠንካራ ቋሚ ያለው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፣ አንዱ ከአንዱ ትይዩ። የሐጂን ምክር ረሳሁት ብል ውሸት ነው። አስታውሼው ነው የሰቀልኩት። የይመር ፍራሽ መሀል ላይ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ፈተና ሳርም "ቃ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ደረቅ፣ አጭር። ይመር ፊቱ አመድ መሰለ።

"እታለም፣ ተቀባበለ።"

"ምኑ?"

"መሣሪያው። ይህን ድምፅ አልሳሳተውም።"

ቆርቆሮ ነው አልኩት፣ ፀሐይ ስትመታው ይለጠጣል፣ ደመና ሲሸፍናት ይኮማተራል፣ ይህ ሕፃናት የሚማሩት ነው። በማግስቱ ፍራሹ አጠገብ ያስቀመጥኩት የውኃ ብርጭቆ ማንም ሳይነካው ፈነዳ። የሙቅና የቀዝቃዛ ጉዳይ ነው አልኩ። በዚያው ሳምንት ከደጅ የገባች ዶሮዬ በሁለቱ ሥዕሎች መሀል ስታልፍ ዘላ ወደቀች፣ አንገቷ ሊበጠስ ደርሶ በቆዳ ብቻ ቀርቷል፣ ደሟ ፍራሹ ላይ ተረጨ፣ እመኑኝ፣ እግሯ ገና እየሮጠ ነበር። ቤቱ ውስጥ የክብሪት ሽታ የመሰለ ነገር ነበር፣ ይመር ባሩድ ነው አለኝ። እኔ ድመት ነው አልኩ። የሌለች ድመት!

ይመር ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥግ ላይ ተኮራምቶ አውርጂው፣ አውርጂው ማለት ሥራው ሆነ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፣ ለእሱ ደህንነት ብዬ የደከምኩበት ነገር መልሶ ሲያሳብደው ጊዜ ንዴቱ አናቴ ላይ ወጣ። ፍርሃቱን እኔው ራሴ ካልነቀልኩለት ማን ይነቅልለታል?

ነሐሴ ውስጥ ነው፣ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። የአሶሳን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ሰማዩ ጠቁሮ በረዶው ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። ይመር ጥግ ላይ ጆሮውን ይዞ ይንቀጠቀጣል። ብብቱን ይዤ እየጎተትኩ አመጣሁትና ጀርባውን ለአጋዘኑ፣ ፊቱን ለአዳኙ ሰጥቼ ፍራሹ ላይ አስቀመጥኩት።

"እታለም፣ በናታችን..."

"እዚህ ተቀመጥ! ምንም እንደማይሆን እይ!"

ትከሻውን ለቅቄ አንድ እርምጃ ወደ ጎን አልኩ። "ቃ" አለ። ከዚያ ተተኮሰ።

መብረቅ ነው እንዳትሉኝ፣ መብረቅ ከላይ ነው የሚመጣው፣ ይህ ከግድግዳው ነው የመጣው፣ ጆሮዬን ደፍኖ መሬት ላይ ጣለኝ። የአጋዘኑ መስታወት ተሰባብሮ ላዬ ላይ ዘነበ። ይመር በግንባሩ ተደፍቷል፣ ሸሚዙ ከኋላ ተቀዶ ደሙ እየተንፎለፎለ ነው። ገለበጥኩት፣ ደረቱን ዳበስኩ፣ ከፊት አንድ ጭረት የለም። የተቀደደው የድሮው ጠባሳ ነው። እጄን ቁስሉ ላይ አፍኜ ጮህኩ፣ ጎረቤት መብረቅ መታቸው ብሎ መጣ፣ በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው።

ሐኪሙ ራጁን ሁለቴ አስነሳው። ከዚያ የድሮውን ፊልም ከአዲሱ ጎን ይዞ "ጥይቱን የት አስወጣችሁለት?" አለኝ።

ትከሻው ውስጥ ምንም አልነበረም።

ቤት ተመልሼ የአጋዘኑን ሥዕል አወረድኩ። ደረቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ፣ ከጀርባው ቋሚው ውስጥ ቀዳዳ። በቢላ ፈልፍዬ አወጣሁት፣ አርጅቶ የጠቆረ፣ ደም የነካው ጥይት። የአዳኙ መስታወት አልተሰነጠቀም። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ አንድ ነገር ወዴት እንደሚሄድ ማስላት እንጀራዬ ነው፣ ይህን ግን ከየትም ብጀምር መሄጃ የለውም።

ሐጂ ጋ ሮጥኩ። የሆነውን ሁሉ ነግሬ ሥዕሎቹን መልሰው ይውሰዱልኝ ብላቸው እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ።

"ነግሬሃለሁ፣ ያ ቢንቲ። እኔ አልነካም። ጥይቱ የት አለ?"

"እኔ ጋ።"

"እሱን ጠብቅ። ጥይት የሌለው ጠመንጃ ዱላ ነው። ኸላስ፣ አለቀ።"

ጥይቱን ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ ሻንጣዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። ይመርም ዳነ። እውነቴን ነው፣ በልቶ የማይጠግብ፣ እንደ ሕፃን የሚተኛ፣ ክንዱ እንደ ድሮው የሚታዘዝ ሆነ፣ እኔም ምን አገባኝ፣ ወንድሜን ከመለሰልኝ ጠንቋይም ይሁን አልኩ። አዳኙን ላቃጥለው የተነሳሁ ቀን ግን ይመር የእጄን አንጓ ያዘኝ። አልጮኸም። ፈገግ እንዳለ ጨመቀኝ፣ አጥንቴ ሲንቋቋ ሰማሁት፣ የጣቶቹ ምልክት ሁለት ሳምንት በልዞ ታየኝ። "ይቆይ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ የሚቀመጠው ከአዳኙ ሥር ነው፣ ጀርባውን ግድግዳ አስደግፎ፣ አዳኙ የሚያይበትን እያየ።

ፍራሹ ዛሬም መሀል ላይ ነው። የአጋዘኑ ቦታ ባዶ ነው።

ትናንት ሻንጣዬን ከፈትኩ። ቁልፉ አልተነካም፣ ጠርሙሱ እንደተዘጋ ነው፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ይመርን አልጠየቅኩትም፣ ፈራሁት። ከአራስነቱ ጀምሮ ያዘልኩትን ልጅ ፈራሁት።

ይህን የምጽፍላችሁ ደጅ ቁጭ ብዬ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ጉም ነው፣ ፀሐይ የሚባል አልወጣም፣ ቆርቆሮው የሚሞቅበትም የሚቀዘቅዝበትም ምክንያት የለም። አሁን ግን "ቃ" አለ።

ይመር ሻይ አፍልቶ እየጠራኝ ነው፣ ድምፁ እንዴት ደስ ይላል፣ ልክ የድሮው ድምፁ።

"ነይ እታለም፣ እዚህ ተቀመጪ። ምንም እንደማይሆን እዪ።"

እምቢ እንዳልል፣ እኔም እንዲሁ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።