የላስቲክ ውሃ

«ግንባሬ ላይ ጠበቅ አድርገሽ ያዥልኝ» አለ አባቷ።

አፍሪዬ ከደጅ የገዛቻትን የላስቲክ ውሃ ግንባሩ ላይ ለጠፈች። በትንሽ ላስቲክ የታሸገች፣ በረዶ ልትሆን ጥቂት የቀራት ውሃ ናት። ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ወዲህ ውሃ በጉንጭ ነው የሚፈቀድለት፤ አሁንም የፈለጋት ለጥም አይደለም። የእጥበት ክፍሉ በር ላይ ነርሷ የሁሉንም ግንባር በመለኪያ ታያለች። ትኩሳት ያለበት ለደም ምርመራ ይላካል፤ ማሽኑ ለሌላ ተረኛ ይሰጣል። አግዳሚው ላይ የሚቀመጥ በሽተኛ ሁሉ ይህችን ዘዴ ያውቃታል።

«አባዬ፣ አንገትህ ግን...»

«ፊትሽን ፈታ አድርጊው! ትራፊክ እንዳየ ሹፌር አትሁኚብኝ።» ዕድሜውን ሙሉ በኩማሲ ከተማ መንገዶች ትሮትሮ የሚሉትን ሚኒባስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ኬላ ማለፍ ያውቅበታል። «ደግሞ ምለሽልኛል።»

አዎ፣ ምላለች። ጠዋት ኮሌታውን ስታስተካክልለት ነው ያየችው። ደሙን ወደ ማሽኑ የሚወስደው ቱቦ አንገቱ ላይ የገባበት ቦታ ቀልቶ አብጧል፤ ከፋሻው ሥር አመርቅዟል። ልትጮህ ስትል አፏን በመዳፉ ያዘና «ሆድ ይፍጀው» ብሎ አስማላት።

ባለፈው ተራው ማሽኑ ተበላሽቶ ሳይታጠብ ተመልሷል። እግሩ አብጦ ጫማ እምቢ ብሎታል፤ ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል። ብትናገር ማሽኑን ልትነጥቀው ነው። ዝም ብትልስ? እዚሁ ይታጠቡ የነበሩት እማማ ቼሬዋም ትኩሳታቸውን ደብቀው ነበር የገቡት። ማሽኑ ላይ እንዳሉ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ነርሶች ይዘዋቸው ወጡ፤ አልተመለሱም። ከዚያ ወዲህ አግዳሚው ላይ ስማቸውን የሚያነሳ የለም። አፍሪዬ መሬት ላይ ተቀምጣ እዬዬ ማለት አማራት።

«ቀጣይ!»

አፍሪዬ ላስቲኳን ወደ ጀርባዋ ደበቀች። ሲስተር ፎስቱዋ መለኪያውን ግንባሩ ላይ ደቀነች። «ሠላሳ ስድስት ነጥብ ሁለት! ሹፌሩ፣ ዛሬማ ከእኔም ይሻላሉ። ይግቡ።»

አባቷ እየሳቀ ሊነሳ ሲል ተንገዳገደና ትከሻዋን ያዘ። የመዳፉ ትኩሳት በትምህርት ቤት ዩኒፎርሟ አልፎ ተሰማት።

«ሲስተር...» አለች። ላስቲኳን አውጥታ የነርሷ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻት። ሲስተር ፎስቱዋ ላስቲኳን ነካ አደረገች። ውሃዋ ለብ ብላለች። ነርሷ ወደ አባቷ ቀና አለች፤ ሳቋ ጠፍቷል።

«ኬላው ላይ አስያዝሽኝ፣ ልጄ» አለ አባቷ በቀስታ።

አፍሪዬ እንባዋ እየወረደ የኮሌታውን ቁልፍ ልትፈታለት ሞከረች፤ ቁልፉ እምቢ አላት። አባቷ አገጩን ቀና አደረገላት።