ብርዱ የለቀቀው ግድግዳ

እመኑኝ ብዬ አልለምንም። ግን ሆኗል... ጭሮ ውስጥ፣ በገዛ መኝታ ቤቴ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

እኔና ባለቤቴ ኃይለየሱስ ለሥራ ተመድበን ነው ወደ ጭሮ የመጣነው። የተከራየነው ቤት የአንዲት ባልቴት፣ የአዴ ሀሚዳ ነው። በሲሚንቶ የተለሰነ አሮጌ የጭቃ ቤት።

የመኝታ ክፍሉ አንዱ ግድግዳ በረዶ ነበር። ውሃ ያወርዳል።

ኃይለየሱስ የሚተኛው በዚያ በኩል ነው።

ግንበኛው ጃዕፈር መጣና ግድግዳውን አንኳኳው።

"ውስጡ የብረት ቋሚ አለ። ብርዱን ከውጭ ተሸክሞ የሚያስገባው እሱ ነው። ፎም እንለጥፍበትና በቺፑድ እንሸፍነው።"

አዴ ሀሚዳ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ።

"በግድግዳው በኩል የሚተኛው ማነው?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"ባለቤቴ።"

"እሺ... ይሠራ።"

ተሠራ። ክፍሉ ሞቀ። ደስ ብሎን ተኛን።

ጠዋት የኃይለየሱስን ጀርባ ስነካው... ቀዝቅዟል።

ብርድ ልብስ ደራረብኩለት። ትኩስ ነገር አጠጣሁት። አልሞቀም።

ትከሻው ላይ ውሃ ይወርዳል። ላብ መስሎኝ ጠረግኩት።

ላብ አይደለም... እንደዚያ ግድግዳ ውሃ ይቀዘቅዛል።

ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ምርመራው ምንም አላሳየም። ይዤው ተመለስኩ።

ከዚያ አልጋ ላይ ዋለ። አንድ ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አይኑን ሳይገልጥ ተናገረ።

"ውስጤ... ብረት ቆሟል።"

መዶሻ አንስቼ ቺፑዱን ሰበርኩት። ፎሙን በጥፍሬ ቦጨቅኩት። ብርዱ ወደ ቦታው ይመለስ ብዬ።

ግድግዳውን ነካሁት።

ሞቃት ነው... እንደ ሰው ገላ።

"አትድከሚ ልጄ። ብርዱ ለቆ ሄዷል።"

አዴ ሀሚዳ ከኋላዬ ቆመዋል።

"ያውቁ ነበር?"

"ባሌ ሙሜ ከሞተ ጀምሮ እዚያ ግድግዳ ውስጥ ስንት ዘመን በረደው። ተከራዩ ሁሉ ብርዱን ችሎ ይወጣል። ያሠራ የለም... እናንተ ብቻ።"

ድምፃቸው ላይ ቁጣ የለም። ሐዘንም የለም።

"አሁን ደግሞ የሌላ ሰው ባል ይብረደው።"

ወደ አልጋው ዞርኩ። ኃይለየሱስ አፉን ከፍቷል... ትንፋሽ የለውም።

ስጮህ ዘወር ብለው እንኳ አላዩኝም። አልፈውኝ ሄዱ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ግድግዳውን አቀፉት። ጉንጫቸውን አስደገፉበት።

"ሙሜ... ሞቀህ?"

ግድግዳው ከጉንጫቸው ሥር ቀስ ብሎ ተነፋ...

ቀስ ብሎ ወረደ።